የሰበካችንን ሰነድ ከአሮጌ ላፕቶፕ ወደ ሌላው በቀጥታ ስለ ማሸጋገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባ ሳለች በዓናቶት የሚገኘውን መሬት ከአጎቱ ልጅ እንደ ገዛ መጽሐፍ ቅዱስ ይነግረናል (ኤር. 32፥6-15)። የግዢው ውል ሁለት ሆኖ ተዘጋጀ፤ አንዱ የታተመ፣ ሌላው ክፍት ነበር። ነቢዩም ሁለቱ ለረጅም ዘመን እንዲጠበቁ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጡ ጸሐፊውን ባሮክን አዘዘው። ከተማይቱ ልትወድቅ በተቃረበችበት ሰዓት እንኳ የሰነድ ጥበቃ ቸል የሚባል ጉዳይ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

በሌላ ምዕራፍ ደግሞ ንጉሡ ኢዮአቄም የነቢዩን ጥቅልል ቀድዶ በእሳት እንዳቃጠለው እናነባለን (ኤር. 36)። ያን ጊዜ ኤርምያስ ቃሉን እንደገና ተናገረ፤ ባሮክም እንደገና ጻፈ። ይህ ሊሆን የቻለው ተናጋሪው በሕይወት ስለ ነበረ ነው። በሰበካ ጉባኤያችን ጽሕፈት ቤት ያለው የጥምቀት መዝገብ፣ የአባላት ዝርዝር፣ የአሥራት ሒሳብ፣ የውኃ ኮሚቴ መዋጮ ቢጠፋ ግን ደግሞ የሚያስጽፈን ማን ነው?

የተወደዳችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤ በዚህ እትም ልናቀርብላችሁ የፈለግነው ትምህርት ከዚህ ጥያቄ የተነሣ ነው። በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ባሉ አጥቢያዎች የሚያገለግሉ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው። አንዱ ሲደክም ሌላ፣ እርሱም ያገለገለ፣ ይተካል። በዚህ ርክክብ ጊዜ ሰነዱ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት ይሸጋገር? መልሳችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ሁለቱን ላፕቶፖች በአንድ የኔትወርክ ገመድ በቀጥታ አገናኝቶ መገልበጥ፣ ቅጂውን ከዋናው ጋር ማመሳከር፣ ከዚያ በፊት ግን ከአሮጌው ምንም አለማጥፋት።

ጉዳዩ ለምን ከበደን?

በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለዱ ብዙ ምእመናን የተወለዱበትን ዘመን የሚመሰክረው ጽሑፍ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ በቤተ ክርስቲያን የተመዘገበው ነው። ለጋብቻ፣ ለትምህርትና ለጉዞ የክርስትና ማስረጃ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ፊት ቆሞ «መዝገቡ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ግን ተበላሸ» ማለት ለአገልጋይ የሚያሳፍር ነው።

እኛም ከዚህ ስሕተት ነፃ አልነበርንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቆላው ባለ አንድ አጥቢያ የምንጭ ውኃ ተጠቃሚዎችን የመዋጮ መዝገብ ወደ ሌላ ላፕቶፕ ስናዛውር ፍላሽ ተጠቀምን። ጊዜ ለመቆጠብ ብለን «ኮፒ» በማለት ፈንታ «ከት» አልን። በመካከል መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ቀድሞውኑ የሞተ ነበርና ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። ፍላሹን በሌላ ኮምፒዩተር ስንከፍተው የሦስት ዓመት መዝገብ አልነበረም። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ፣ በዕድሜ የገፉ አባት፣ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ውኃው እንደሆነ ይወርዳል፤ ማን ምን እንዳዋጣ ግን አሁን ማን ይነግረናል?» ብቻ አሉን። «ጥፋቱ የእኛ ነው አባባ፤ ደረሰኞቹን እንሰበስባለን» አልናቸው። ከቤት ቤት ዞረን የሰበሰብነው ግን ሙሉ አልሆነም። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ከዚያ ቀን በኋላ በተማርነው ነው።

ለምን በቀጥታ በገመድ?

ሦስት መንገዶች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው በኢንተርኔት መላክ ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። አገልግሎቱ በሚኖርበት ጊዜም ቢሆን የብዙ ዓመት ፎቶግራፍና ሰነድ ወደ ላይ ጭኖ እንደገና ወደ ታች ማውረድ ለአንድ አጥቢያ ከባድ ወጪ ነው።

ሁለተኛው ፍላሽ ነው። ፍላሽ ለጥቂት ፋይል ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከፎቶ ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት፣ ከጽሕፈት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ስለሚዞር ቫይረስ ያመላልሳል። ማኅደሮችን ሰውሮ በምትካቸው የሐሰት ምልክት የሚያሳየውን «ሾርትከት ቫይረስ» ያላየ ጸሐፊ ጥቂት ነው። ደግሞም «ፋት 32» በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የበዓል ቪዲዮ አልገለበጥ የሚለን ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ሁለቱን ላፕቶፖች በኔትወርክ ገመድ ማገናኘት ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የአገልግሎት ክፍያ የለውም፤ ሁለት ሦስት ሜትር ገመድ ይበቃዋል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ አሮጌ መሰኪያ እንኳ በሴኮንድ ወደ 10 ሜጋባይት ስለሚያሻግር 20 ጊጋባይት ሰነድ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልፋል። ጥቃቅን ፋይሎች ከበዙ ጥቂት ይዘገያል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሁለቱ ጫፎቹ አንድ ዓይነት የሆነ ተራ የዩኤስቢ ገመድ በሁለት ላፕቶፖች መካከል አይሰካ። ፋይል አያሻግርም፤ ኤሌክትሪኩ ተገናኝቶ መሣሪያውን ሊጎዳ ይችላል።

ከመጀመራችን በፊት

አንደኛ፤ ሥራው በቃለ ጉባኤ ለሁለት ሰዎች ይሰጥ። አንዱ ኮምፒዩተሩን ይይዛል፣ ሁለተኛው በወረቀት ይመዘግባል።

ሁለተኛ፤ በአሮጌው ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሁሉ በዝርዝር ይጻፍ። ሰነድ «ዶክመንትስ» ውስጥ ብቻ አይገኝም፤ «ዴስክቶፕ»፣ «ዳውንሎድስ»፣ «ፒክቸርስ» እና «ዲ» ድራይቭ ይታዩ። ከአንድ በላይ ተጠቃሚ ስም ካለ የእያንዳንዱ ይታይ። ሒሳብ በፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ ማኅደሩን መገልበጥ ብቻ አይበቃም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ «ባክ አፕ» ተሠርቶ ያ ፋይል ይወሰድ።

ሦስተኛ፤ አሮጌው ላፕቶፕ በጸረ ቫይረስ ይፈተሽ። በሽታውን ከሰነዱ ጋር ማሸጋገር አይገባም።

አራተኛ፤ ጊዜና ቦታ ይመረጥ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። አሮጌ ላፕቶፕ ማራገቢያው በአቧራ ስለሚታፈን በእኩለ ቀን ሙቀት ረጅም ሥራ ሲሠራ ግሎ በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ማለዳ፣ በጠረጴዛ ላይ እንጂ በጨርቅ ላይ ሳይሆን፣ ሁለቱም ቻርጀር ተሰክቶላቸው ይሠራ። ላፕቶፖቹ በመካከል እንዳያንቀላፉ የ«ስሊፕ» ሰዓቱ «ኔቨር» ይደረግ።

አሠራሩ

1. ገመዱን በሁለቱ ላፕቶፖች የኔትወርክ መሰኪያ ላይ እንሰካለን። በመሰኪያው አጠገብ ያለው መብራት ከበራ ግንኙነቱ ተፈጥሯል። ካልበራ ሁለቱም መሰኪያዎች በጣም ያረጁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ «ክሮስ ኦቨር» የሚባለው፣ የውስጥ ሽቦዎቹ ተሻግረው የተሠሩበት ገመድ ያስፈልጋል። ቢያንስ አንዱ ጊጋቢት መሰኪያ ካለው ተራው ገመድ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

2. ለሁለቱ አድራሻ እንሰጣለን። በ«ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር» ይከፈታል፤ የገመዱ ግንኙነት ተመርጦ በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4» ይነካል። በአሮጌው 192.168.10.1፣ በሚቀበለው 192.168.10.2 ይጻፋል። በሁለቱም «ሰብኔት ማስክ» 255.255.255.0 ይሆናል። የቀሩት ሣጥኖች ባዶ ይተዋሉ።

3. በዚያው ገጽ «ቼንጅ አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ» ተከፍቶ «ከረንት ፕሮፋይል» በሚለው ሥር የፋይል ማጋራቱ በሁለቱም ላይ ይከፈታል። ሁለት ላፕቶፕ ብቻ ሲገናኝ ዊንዶውስ መስመሩን ስለማያውቀው እንደ አደባባይ መስመር ቆጥሮ ማጋራትን ይከለክላል፤ ብዙዎች በዚህ ደርሰው «አልሠራም» ብለው የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው።

4. የአሮጌው ላፕቶፕ ተጠቃሚ ስም የይለፍ ቃል ከሌለው ይሰጠው፤ ያለ ይለፍ ቃል ዊንዶውስ ከሌላ ኮምፒዩተር የሚመጣን አያስገባም። ከዚያ የሚሸጋገረው ማኅደር በቀኝ ጠቅታ ተከፍቶ በ«ፕሮፐርቲስ»፣ «ሼሪንግ»፣ «አድቫንስድ ሼሪንግ» በኩል ይጋራል። ፈቃዱ «ሪድ»፣ ማለትም ማንበብ ብቻ፣ ሆኖ ይቆይ። እንዲህ ከሆነ በሚቀበለው ላፕቶፕ ላይ የተቀመጠ ሰው ተሳስቶ እንኳ ዋናውን ሊያጠፋ አይችልም።

5. በሚቀበለው ላፕቶፕ ማንኛውም ማኅደር ተከፍቶ በላይኛው የአድራሻ መስመር \\192.168.10.1 ተብሎ ይጻፋል። ስምና ይለፍ ቃል ሲጠየቅ የአሮጌው ላፕቶፕ ይሰጣል። የተጋራው ማኅደር ሲታይ «ኮፒ» ተደርጎ በተዘጋጀለት ቦታ «ፔስት» ይደረጋል። ከማኅደር ወደ ማኅደር በየተራ እንሥራ፤ መብራት ቢጠፋ የተያዘው አንዱ ብቻ ተፈትሾ ይደገማል።

6. ሲፈጸም ማጋራቱ ይዘጋል፤ አድራሻውም ወደ ቀድሞው፣ በራሱ ወደሚገኘው፣ ይመለሳል። ይህ ከተረሳ ላፕቶፑ ሌላ ጊዜ በቢሮ የኢንተርኔት ገመድ ላይ አይሠራም።

የገመድ መሰኪያ የሌለው ቀጭን ላፕቶፕ ካጋጠመ በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አስማሚ መጠቀም ይቻላል። እርሱም ካልተገኘ ሁለቱን ላፕቶፖች በአንድ ስልክ «ሆትስፖት» ላይ ማያያዝ በአብዛኞቹ ስልኮች ይሠራል። የስልኩ ዳታ ቢዘጋም ፋይሉ በመካከላቸው ያልፋል፤ አድራሻውንም ስልኩ ራሱ ያድላል። ከገመዱ ግን ይዘገያል።

አንዱ ላፕቶፕ በዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ሌላው በዊንዶውስ 10 የሚሠራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይግባቡም። ኤክስፒ የሚያውቀው ጥንታዊውን የፋይል ማጋሪያ ቋንቋ ብቻ ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በዚሁ ቋንቋ ክፍተት ገብቶ በብሪታንያ ሆስፒታሎችን ጭምር ሥራ አስፈትቷል፤ አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ይህን በር ዘግተውት ይመጣሉ። በሩን መልሶ ከመክፈት ይልቅ ሁለቱንም የሚሰማ የዊንዶውስ 7 ላፕቶፕ እንደ አስተርጓሚ በመካከል ማቆም፣ ወይም የአሮጌውን ሀርድ ዲስክ በባለሙያ አስወጥቶ በውጭ ማቀፊያ መሰካት ይሻላል።

ማመሳከር

የብራና ጸሐፊ መጽሐፉን ገልብጦ ሲጨርስ ከዋናው ጋር ሳያስተያይ ሥራው ተፈጸመ አይባልም። የተዘለለ ቃል ካለ በመስመር መካከል ወይም በኅዳግ ይገባል። በላፕቶፕም ሥርዓቱ ይኸው ነው። በሁለቱም ላይ ማኅደሩን በቀኝ ጠቅታ «ፕሮፐርቲስ» ብለን የፋይሉን ቁጥርና መጠኑን በባይት እስከ መጨረሻው አሃዝ እናነጻጽር። «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለው ከዲስክ ዲስክ ስለሚለያይ ለማመሳከሪያ አይሆንም። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ማኅደር ጥቂት ፋይሎች፣ በተለይ ትልቁና የመጨረሻው፣ ተከፍተው ይነበቡ። ሁለተኛው ሰው ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፎ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ወረቀቱም ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ።

የግዕዝ ፊደል ጉዳይ

የፋይሉ ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ ሰነዱ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰነዱ አልጠፋም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሥርዓት የገባው በ1992 ዓ.ም. መባቻ ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ብዙ ጽሕፈት ቤቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የተሳሉ የአማርኛ ፎንቶችን ይጠቀሙ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ላፕቶፕ አይነበብም። ስለዚህ ከሰነዱ ጋር ፎንቶቹንም ከ«ኮንትሮል ፓነል» «ፎንትስ» ማኅደር ገልብጠን በሚቀበለው ላፕቶፕ ላይ እንጫን። አሮጌው ገና እየሠራ ሳለም ዋና ዋናዎቹን መዝገቦች ወደ ፒዲኤፍ ለውጠን እንያዝ፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል በሌላ ላፕቶፕም ይነበባል። ወደ ዩኒኮድ የመቀየሩ ሥራ በኋላ በርጋታ፣ በአራሚ ዓይን ይሠራል።

ሦስተኛው ቅጂ

ሁለት ላፕቶፕ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ቅጂ ናቸው፤ እሳትና ሌባ ግን እንደ አንድ ይቆጥሯቸዋል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬ የደረሰውን ቃጠሎ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት መድረሱን ለዚህ አካባቢ አንባቢ መንገር አያሻም። ስለዚህ ሦስተኛ ቅጂ በውጭ ሀርድ ዲስክ ተገልብጦ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ በወረዳ ቤተ ክህነት ወይም ደብረ ብርሃን ባለው ሀገረ ስብከት በአደራ ደረሰኝ ይቀመጥ፤ በየመንፈቁም ይታደስ።

ይህ አሳብ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሡ። አንድ ቅጂ በአገር ቤት ሲቀር ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጠ፤ የሸዋው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ሆነው የመጻሕፍቱን ዝርዝር በማዘጋጀት ዘመናቸውን ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ብራናው የጠፋበት መጽሐፍ ዛሬ የሚነበበው ከፊልሙ ነው።

አሮጌው ላፕቶፕ ሦስቱ ቅጂዎች ተመሳክረው እስኪረጋገጡ ድረስ አይነካ። ከዚያም ለሽያጭ ወይም ለስጦታ ከመውጣቱ በፊት ዲስኩ በባለሙያ ይጽዳ። «ዲሊት» ማለት ብቻ የምእመናንን ስም፣ የተረጂዎችን ሁኔታና የሒሳብ ምስጢር ከሌላ ሰው እጅ አይጠብቅም።

ለሰበካ ጉባኤ ውይይት

1. የአጥቢያችን የጥምቀት መዝገብ ዛሬ በስንት ቦታ ይገኛል? የወረቀቱ መዝገብስ በማን እጅ ነው?
2. ላፕቶፑ ነገ ባይነሣ ከዝርዝራችን ውስጥ ጨርሶ ልንተካው የማንችለው የትኛው ነው? ሥራው ከእርሱ ይጀመር።
3. ይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነውን? በታሸገ ፖስታ የተቀመጠ ሌላ አለን?
4. ገመድ ለመግዛት፣ ሁለት ሰው ለመመደብ፣ ቀኑን ለመቁረጥ በቀጣዩ ስብሰባ መወሰን እንችላለን?

እኒያ ገንዘብ ያዥ አባት በኋላ በተሰበሰቡት ደረሰኞች አዲስ መዝገብ ሲከፈት ሁለት ቅጂ እንዲሆን ጠየቁ፤ አንዱን በወረቀት አሳትመው ራሳቸው ያዙት። በሸክላ ዕቃ ውስጥ ውል ያስቀመጠው የባሮክ አገልግሎት ይህ ነው፤ እኛም በየአጥቢያችን እንድንፈጽመው አምላከ ቅዱሳን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።